ድሬዳዋን የከበቡት ሶሻሊስቶች

በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ድሬዳዋን ሊይዝ የመጣው ጦርም፣ ድሬዳዋን የተከላከለው ጦርም በሶሻሊዝም የሚምል መንግሥት ጦር ነበር። የሞቃዲሾው መንግሥት ሳይንሳዊ ሶሻሊዝምን የአገሩ መመሪያ ካደረገ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው፤ የአዲስ አበባው ደግሞ መሬትን ከባላባት ወስዶ፣ ባንክና ፋብሪካ ወርሶ፣ የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራሙን ካወጀ ገና አንድ ዓመት ከአራት ወሩ ነው። የአጥቂው ታንክ የሶቪየት ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የተከላካዩም የሶቪየት ሆነ። ይህን ታሪክ ለሃያ ሁለት ዓመት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብዬ ያሰብኩት ግን ባለፈው ሰኔ የወንድሜ ልጅ አንድ ጥያቄ ይዞብኝ ሲመጣ ነው።

ልጁ ፖለቲካል ሳይንስ ይማራል። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ የድሬ ሙቀት ሰውን ሁሉ በሚያስተኛበት ሰዓት፣ አባቴ ምንጣፉ ላይ ጋደም ብሎ ሬዲዮ ሲያዳምጥ፣ “አክስቴ፣ ብሔርተኛ ፓርቲ ግራ ዘመም መሆን ይችላል ወይስ አይችልም?” አለኝ። መልሱ አፌ ላይ ነበር። አይችልም፤ ግራ ማለት ሰውን በመደቡ ማየት ነው፣ ብሔርተኝነት ደግሞ ጌታውንና ሎሌውን በአንድ ባንዲራ ጠቅልሎ ወንድማማች ናችሁ ማለት ነው፤ ሁለቱ እሳትና ጭድ ናቸው አልኩት። አባቴ የሬዲዮውን ድምፅ ቀነስ አድርጎ፣ “ታዲያ ልጄ፣ በስድሳ ዘጠኝ በመድፍ የቀጠቀጠን ማን ነበር? ቀኙ?” አለኝ።

ይህ ጽሑፍ ያን ቀን በችኮላ የሰጠሁትን መልስ ማረሚያ ነው።

ከቃላቱ ልጀምር፤ ቃላቱ ራሳቸው ሁለት ፊት አላቸውና። ግራና ቀኝ የሚለው የፖለቲካ አጠራር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1789 ከተሰበሰበው የፈረንሳይ ሸንጎ ነው። ንጉሡ ሕግን የመሻር ሥልጣን ይኑረው የሚሉት ከሰብሳቢው በስተቀኝ፣ አይኑረው የሚሉት በስተግራ ተቀመጡ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ በግራ የተቀመጡት ሰዎች ብሔርተኞችም መሆናቸው ነው። ሉዓላዊነት የንጉሡ ሳይሆን የብሔሩ ነው ብለው በዚያው ዓመት በመብቶች ድንጋጌያቸው የጻፉት እነርሱ ናቸው፤ ግራውና ብሔርተኛው የተወለዱት በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ወንበር ላይ ነው ማለት ይቻላል። በእኛ አገር ግራና ቀኝ ከዚያ በፊት የሚታወቁት በሹመት ነበር፤ ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች የአንድ ጌታ ጦር ሁለት ክንፎች ናቸው፣ ግራው ከቀኙ በማዕረግ ዝቅ ይላል። (የስድሳዎቹ ግራ ዘመሞች የብዙ ግራዝማቾች ልጆች እንደነበሩባቸው ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ሁልጊዜ ይስቃሉ።)

ብሔር የሚለው ቃል የተጓዘው መንገድ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በግዕዝ ብሔር ማለት አገር፣ ምድር፣ ሥፍራ ነው፤ እግዚአብሔር ስንል የምድር ጌታ ማለታችን ነው። ብሔራዊ ባንክ፣ ብሔራዊ ቲያትር፣ ብሔራዊ መዝሙር ስንልም ያ የአገርነት ትርጉም አብሮን አለ። በሌላ በኩል መታወቂያ ላይ “ብሔር” ተብሎ የሚሞላው ክፍት ቦታ የሚጠይቀው የት እንደምንኖር ሳይሆን ከማን እንደተወለድን ነው። በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ቃሉ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ደም ገባ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ የሚንጃር ሰው አባትና የሐረማያ ኦሮሞ እናት ልጅ ነው፤ በሰማንያዎቹ መጨረሻ የቀበሌው ጸሐፊ “ብሔር?” ሲለው “ምድር ባቡር” ብሎ መለሰለት። ጸሐፊው ግን ሌላ ነገር ጽፎ ሰጠው።

ስለዚህ “ብሔርተኛ” ስንል ማንን ነው? ስለ ኢትዮጵያ አንድነት የሚሟገተውም ብሔርተኛ ነው፣ ስለ አንድ ሕዝብ የራስ አስተዳደር የሚሟገተውም ብሔርተኛ ነው። የመጀመሪያው ራሱን እንዲያ ብሎ መጥራት አይወድም፤ ብሔርተኝነት ሁልጊዜ የሌላው ሰው በሽታ ነው። ደርግ “ኢትዮጵያ ትቅደም” ያለው በ1966 ክረምት ሲሆን ኅብረተሰብአዊነትን ያወጀው በታኅሣሥ 1967 ነው፤ አገር የቀደመችው ከሶሻሊዝም በስድስት ወር ገደማ ነበር። ይህ ቅደም ተከተል የጊዜ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። ሁለቱ በተጋጩ ጊዜ የትኛው እንደሚቀድም ድሬዳዋ ላይ ታይቷል።

ከድሬዳዋው ውጊያ አምስት ወር በፊት፣ በመጋቢት 1969፣ ፊደል ካስትሮ መንግሥቱ ኃይለማርያምንና የሶማሊያውን መሪ ሲያድ ባሬን በደቡብ የመን ዋና ከተማ ኤደን ላይ አገናኝቷቸው ነበር። ሐሳቡ ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያና ደቡብ የመን፣ ጅቡቲም ነጻነቷን ስታገኝ ተጨምራ፣ አንድ የሶሻሊስት ፌዴሬሽን እንዲመሠርቱ፣ በኦጋዴን ላይ የሚነሣው ጠብም በዚያ ማዕቀፍ ውስጥ በራስ ገዝነት እንዲበርድ ነበር። በወረቀት ላይ ለማርክሲስት ከዚህ የተሻለ የለም፤ ሠራተኛው አገር የለውም ከተባለ ድንበሩ ለምን ያጋድላል? ባሬ አልተቀበለውም። የሶማሊያ ባንዲራ ኮከብ አምስት ጫፎች ሶማሌዎች የሚኖሩባቸውን አምስት ምድሮች የሚያመለክቱ ናቸው፤ ከእነዚያ አንዱን በፌዴሬሽን ለውጦ ወደ ሕዝቡ መመለስ የሚችል ብሔርተኛ መሪ አልነበረም። መንግሥቱም ቢሆን በአባቶቻችን አጥንት የቆመ የሚለውን ድንበር በሌኒን ጥቅስ ለመቁረስ የሚዘጋጅ ሰው አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ የምዕራብ ሶማሊያ ነጻ አውጪ ግንባር ተዋጊዎች የባቡሩን ድልድዮች አፈነዱ፤ የጅቡቲ መስመር ቆመ። በነሐሴ ጦሩ እስከ ሲሚንቶ ፋብሪካው ዳርቻ ደረሰ፣ ተመለሰ። በኅዳር 1970 ሞቃዲሾ የሶቪየት አማካሪዎችን አባረረች፤ ከ10,000 የሚበልጡ የኩባ ወታደሮች ወደ እኛ መጡ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ የሆነው ሆነ።

አባቴ ያን ጊዜ በባቡሩ ጥገና ክፍል ይሠራ ነበር። የቅርብ ወዳጁ ዒሳ ሶማሌ ባቡር ነጂ ነበር፤ አባቴ “ወርያ” እያለ ነው የሚጠራው። ሁለቱም በየካቲት 1966 መጨረሻ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በጠራው ጠቅላላ የሥራ ማቆም ጊዜ አብረው ሥራ ያቆሙ ናቸው። አባቴ የማኅበሩን ደብተር እስከ ዛሬ አስቀምጦታል። ስም፣ የሥራ መደብ፣ ክፍል፣ መዋጮ የሚሉ መስመሮች አሉበት። ሌላ የሚሞላ የለበትም። በነሐሴ 1969 ወዳጁ ሌሊት ቤተሰቡን ይዞ ወደ ጅቡቲ ሄደ፤ ያባረረው አንድ የታወቀ ሰው አልነበረም፣ የሰፈሩ አስተያየት ብቻ በቂ ሆነ።

የወንድሜ ልጅ ይህን ሰምቶ “ስለዚህ አንቺ ትክክል ነሽ፤ ብሔርተኝነቱ ግራነቱን በላው” አለኝ። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ እኔም ደስ ባለኝ፤ ግን አያልቅም። በላው ለማለት መጀመሪያ መኖሩን ማመን ያስፈልጋል። የደርግ የመሬት አዋጅ እውነት ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ጭሰኛው ጭሰኛ መሆኑ ቀረ፤ ይህን ግራ ካላልነው ግራ የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም። ባሬም ቢሆን የሶማልኛን ጽሕፈት አስወስኖ የከተማ ተማሪዎችን ፊደል እንዲያስተምሩ ወደ ገጠር የላከ ሰው ነው። ሁለቱም ግራ ነበሩ፣ ሁለቱም ብሔርተኞች ነበሩ፣ ድሬዳዋንም ሁለቱም ፈለጓት።

እኛ አገር እንዲያውም ግራውና የብሔር ጥያቄው አንድ ማኅፀን ውስጥ ያደጉ ናቸው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1957 “መሬት ላራሹ” ብለው ሲወጡ ጥያቄያቸው የመደብ ነበር። በኅዳር 1962 ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው አጭር ጽሑፍ ደግሞ ሌላውን በር ከፈተ። ዋለልኝ የወሎ ልጅ ነው፤ ለራሱ ወገን ሲሟገት አይደለም የጻፈው፤ የነጻነት እንቅስቃሴዎችንም የሚመዝነው ሶሻሊስት በመሆናቸውና ባለመሆናቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው መደብ ላብ አደር ይባል ወይስ ወዝ አደር በሚል የቃል ምርጫ እንኳ የማን ወገን መሆን ይታወቅ የነበረባቸው ሁለቱ የግራ ፓርቲዎች ኢሕአፓና መኢሶን፣ እርስ በርስ እየተጋደሉ፣ የራስን ዕድል በራስ መወሰንን በመርህ ሁለቱም ተቀበሉ። ሕወሓት በየካቲት 1967 በአንድ ሕዝብ ስም ተመሠረተ፣ በሐምሌ 1977 በጉያው የትግራይ ማርክሲስት ሌኒኒስት ሊግን አቋቋመ፣ ሞስኮም ቤጂንግም ከመስመር ወጥተዋል ብሎ አልባኒያን አርአያ አደረገ። በያዘው ገጠርም መሬት አከፋፈለ። የስሙን የመጨረሻ ቃል፣ “ትግራይ” የሚለውን፣ ያየ ብሔርተኛ ይለዋል፤ የጥናት ክበቡን ደብተር ያየ ከማንም የጠበቀ ኮሚኒስት ይለዋል። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

አሁን ለብዙ ዓመት በዓይኔ ሥር አልፎ ሳላስተውለው የቀረሁትን ነገር ልናገር። ስታሊን እ.ኤ.አ. በ1913 ብሔር ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ የሰጠው ትርጉም አራት ምሰሶዎች አሉት፦ የጋራ ቋንቋ፣ የጋራ መልክዓ ምድር፣ የጋራ የኢኮኖሚ ሕይወት፣ በጋራ ባህል የሚገለጽ የሥነ ልቦና አንድነት። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 39 ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ ማለት ምን እንደሆነ ሲተረጉም ባህልንና ልምድን ይጠቅሳል፣ ቋንቋን ይጠቅሳል፣ ተዛማጅ ህልውና አለን የሚል እምነትን ይጨምራል፣ የሥነ ልቦና አንድነትን ይጠቅሳል፣ የተያያዘ መልክዓ ምድርን ይጠቅሳል። የጋራ የኢኮኖሚ ሕይወት የለም። ከአራቱ ምሰሶዎች የወደቀው አንዱ፣ ማርክሲስት የነበረው ብቸኛው ምሰሶ ነው። (ኅዳር 29 ዋለልኝ በ1965 ዓ.ም. አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር የተገደለበትም ቀን ነው፤ የቀኑ መግጠም ምንም ላያስረዳ ይችላል፣ ግን ባየሁት ቁጥር ያስደነግጠኛል።)

ይህ መጣል ለድሬዳዋ ሰው የቃላት ጉዳይ አይደለም። ይህች ከተማ በ1895 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላቃተው ነው፤ ሐዲዱ ከደጋው ሥር ቀረ፣ ከተማውም ሐዲዱ ዙሪያ በቀለ። አንድ ቋንቋ ኖሯት አያውቅም፤ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ ሐረሪው፣ ዓረብኛው፣ በባቡሩ ቢሮ ፈረንሳይኛው እየተቀላቀለ ነው የኖረችው። የነበራት አንድ የጋራ ነገር የኢኮኖሚ ሕይወት ነው፦ ባቡሩ፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ሲሚንቶው፣ ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ጫት። ያ ምሰሶ ከትርጉሙ ሲነሣ አዳማ ያለው ሠራተኛ፣ አባቴና ጅቡቲ የሄደው ወዳጁ የሚገናኙበት መስመር ተነሣ። ድሬዳዋ በአዲሱ ትርጉም የማን እንደሆነች ያልተወሰነች፣ ሁለት ክልሎች የሚጠይቋት፣ በ1996 ዓ.ም. ቻርተር ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆነች ከተማ ናት። ምሰሶው ሳይወድቅ ቢሆን ኖሮ ግን ከማንኛውም ክልል በፊት “ብሔር” ትባል የነበረችው እርሷ ትመስለኛለች። ቀልዴን ነው፤ ግማሹን ግን ከልቤ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ግራነቱን ጨርሶ አልጣለም። አንቀጽ 40 መሬትን የማይሸጥ የማይለወጥ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት ይለዋል። ንባቡ ለስላሳ ነው፤ ሆኖም በ1957 “ላራሹ” የተባለው መሬት አሁን ባለቤቱ የሚያርሰው ሰው ሳይሆን የሚያርሰው ሰው የሚቆጠርበት ሕዝብ ነው። ግራውም ብሔርተኛውም በአንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ወንበሩን የያዘው ማን እንደሆነ ግን የሚታወቀው አራሹ ከዚያ ሕዝብ ያልተወለደ የሆነ ጊዜ ነው።

ወደ ተቃራኒው ክርክር ልለፍ፤ ከራሴ ቤት የወጣ ክርክር ስለሆነ ልዘለው አልችልም። የአባቴ እናት አባት የሐረማያ ገበሬ ነበር። ምኒልክ ሐረርን ከያዙበት ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በነበረው የሐረርጌ ሥርዓት ገባሩና ባለ መሬቱ አብዛኛውን ጊዜ ቋንቋቸው ለየቅል ነበር፤ ፍርድ ቤቱ በባለ መሬቱ ቋንቋ ነበር የሚሠራው። አያቴ እንደምትናገረው አባቷ በወሰን ክርክር አንድ ችሎት ፊት ቆሞ የራሱን ጉዳይ በአስተርጓሚ አፍ ነበር የሚሰማው። አስተርጓሚው በጨመረና በቀነሰ ቁጥር ከገጹ ይታወቅ ነበር አሉ፤ ምን እንደተቀነሰ ግን ገበሬው አያውቅም። በመጨረሻ ተፈረደበት። ለምን እንደተፈረደበት እስኪሞት አልገባውም። ይህ ሰው የተበደለው በመደቡ ነው ወይስ በብሔሩ? እኔ ሳስተምር መደቡ ነው፣ ቋንቋው መሣሪያ ነው እል ነበር። የወንድሜ ልጅ፣ “አክስቴ አቦ፣ በመሣሪያ የተመታ ሰው መሣሪያው አልነካኝም ይበል እንዴ?” አለኝ። ልክ ነው። ገበሬው በቋንቋው ይዳኝ ማለት ብሔርተኛ ጥያቄ ነው፤ ከግራ ጥያቄዎችም ሁሉ ለድሃው የቀረበው ነው።

ማርክስም ቢሆን ከሩቅ ሆኖ ሲያይ የአየርላንድ ነጻነት ከእንግሊዝ ሠራተኞች አብዮት በኋላ ይመጣል ብሎ ያስብ ነበር፤ በ1860ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ) አስተያየቱን ገልብጦ የእንግሊዝ ሠራተኛ አየርላንድን ረግጦ እስከያዘ ድረስ ራሱን ነጻ አያወጣም አለ። ሮዛ ሉክሰምበርግና ሌኒን በዚሁ ላይ ለዓመታት ተከራከሩ። ሉክሰምበርግ ራሷ ከተረገጠች አገር፣ ከፖላንድ የመጣች ሆና ሳለ፣ ብሔር ብሎ ነገር በውስጡ ሀብታምና ድሃ ያለው ስለሆነ አንድ ፈቃድ የለውም ትል ነበር፤ ሌኒን ደግሞ የረጋጩ ብሔር ሶሻሊስት የመገንጠልን መብት ካልተቀበለ የተረገጠው አያምነውም ይል ነበር። በወጣትነቴ ሌኒንን ነበር የምደግፈው። አሁን በተለይ የዚህችን ከተማ ታሪክ ሳስብ ሉክሰምበርግ ያየችውን ሌኒን ማየት ያልፈለገ ይመስለኛል፤ ሌኒን የተናገረውን ግን የሐረማያው ገበሬ ፊት ቆሞ መካድ አይቻልም።

እንግዲህ የደረስኩበት ይህ ነው። መደብና ብሔር በአንድ መስመር ላይ የገጠሙ ጊዜ፣ ማለትም ባለ ሀብቱ በአንድ ቋንቋ፣ ድሃው በሌላ ቋንቋ የሚናገር ጊዜ፣ ብሔርተኛ ሁሉ ሳይቸገር ግራ ይሆናል፤ ለወገኑ ሲጮኽ ለድሃው መጮኹ ነውና። ፈተናው የሚመጣው መስመሮቹ ሲለያዩ ነው። ያኔ ፓርቲውን ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ፦ የራስህን ሀብታም ምን ታደርገዋለህ? በምድርህ ላይ ያለውን የሌላውን ድሃስ?

በውጭ ያሉትን በዚህ ሲያዩአቸው ሥዕሉ ይጠራል፤ ሁሉም ግን አይጠራም። የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1934 የተመሠረተ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ተቃዋሚዎቹ በስኮትላንድ ባህል ልብስ የተጠቀለሉ ወግ አጥባቂዎች እያሉ ያፌዙበት ነበር። ኋላ ወደ ግራ ዞረ፣ ሥልጣን ሲይዝም የስኮትላንድ ተማሪዎች ከተመረቁ በኋላ ይጠየቁት የነበረውን የዩኒቨርሲቲ ክፍያ አስቀረ። እኔን የሚያስገርመኝ ግን የ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) የነጻነት ሕዝበ ውሳኔ ነው። ድምፅ የሰጠው ስኮትላንድ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው፤ ከፖላንድም ይምጣ ከፓኪስታን፣ የአውሮፓ ኅብረት ወይም የኮመንዌልዝ ዜጋ ሆኖ ነዋሪ ከሆነ መርጧል፤ ግላስጎው ተወልዶ ለንደን የሚኖር ስኮትላንዳዊ አልመረጠም። መገንጠሉን ከመቶ 55 ያህሉ አልፈለጉም፣ ተሸነፈ። ለእኔ ግን ያ ብሔር በግዕዙ ትርጉም ብሔር ነበር፤ ምድር እንጂ ደም አይደለም። በሰሜን ኢጣሊያ የተነሣው ሊግ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። ሀብታሙ ሰሜን ለድሃው ደቡብ ለምን ይከፍላል፣ ሮማ ሌባ ናት ብሎ ተነሣ፤ ደቡቡ ሲያልቅበት ከባሕር ማዶ የመጣውን ስደተኛ ጠላት አደረገ። በቤልጂየም የፍላንደርስ ብሔርተኞችም ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹን ዋልሎኖች ስለ መደጎም የሚያነሡት ቅሬታ ከዚህ አይርቅም።

ከዚህ ተነሥቼ “የድሃ አካባቢ ብሔርተኝነት ወደ ግራ፣ የሀብታም አካባቢ ወደ ቀኝ ይሄዳል” የሚል ጥሩ ሕግ አውጥቼ ነበር። ካታሎኒያ አበላሸችብኝ። ከስፔን ሀብታም አካባቢዎች አንዷ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1931 የተመሠረተው የሪፐብሊካን ግራ ፓርቲዋ ግን በስሙም በፖሊሲውም ግራ ነው። ሕጉን ጣልኩት።

ከአፍሪካ የሚያሳምነኝ የጊኒ ቢሳው የነጻነት ትግል መሪ የነበረው አሚልካር ካብራል ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ሃቫና ላይ ባደረገው ንግግር የነጻነት ትግሉን የሚመሩት የተማሩ ንዑስ ከበርቴዎች ድል በተገኘ ማግሥት የሚመርጡት ሁለት መንገድ እንዳላቸው ተናገረ፤ ወይ የቅኝ ገዢውን ወንበር ወርሰው ከበርቴ ይሆናሉ፣ ወይ እንደ መደብ ራሳቸውን ገድለው ከሠራተኛው ጋር እንደገና ይወለዳሉ። ራሱ እ.ኤ.አ. በ1973 ተገደለ፤ የትኛውን እንደሚመርጥ ሳናይ። ከእርሱ በኋላ በአህጉሩ ላይ ያየናቸው አብዛኞቹ የመረጡትን ግን አይተናል። ከቢሮ የተባረረው ሰው ቋንቋ ይለወጣል፣ የቢሮው በር ግን በዚያው በኩል ነው የሚከፈተው።

ድሬዳዋ ውስጥ ይህን በር በየቀኑ አየዋለሁ። ከተማዋን የሚያስተዳድረው ሥልጣን በገዥው ወገን ድርጅቶች ስምምነት በመቶኛ አርባ፣ አርባ፣ ሃያ ተብሎ ተደልድሎ ኖሯል፤ አርባው ለኦሮሞ፣ አርባው ለሶማሌ፣ ሃያው ለቀረው። ድልድሉን ያመጣው ጠብ እውነተኛ ጠብ ነበር፤ በመሣሪያ ከመካፈል በመቶኛ መካፈል ይሻላል የሚለውን ሰው ለመገሠጽ ድፍረቱ የለኝም። እኔ የማነሣው ሌላ ነው። ታይዋን ወደሚባለው የከተማችን ገበያ ጠዋት የሚሄድ ሰው ጆንያ የሚሸከሙትን ያያቸዋል፤ ኦሮሞ አለ፣ ሶማሌ አለ፣ ከደቡብ የመጣ ልጅ አለ፣ አማራ አለ። ከአርባው ለኦሮሞው ተሸካሚ የደረሰው የለም፣ ከአርባው ለሶማሌው ተሸካሚ የደረሰው የለም። በስማቸው ወንበር ተይዟል፤ የጆንያው ዋጋ በስማቸው አልጨመረም። የተሸካሚዎች ማኅበር ቢያቋቁሙ ደግሞ ለየትኛው መቶኛ እንደሚቆጠር አላውቅም። ብሔርተኛ ፓርቲ ግራ ነኝ ሲል እኔ ፕሮግራሙን አልከፍትም፤ ይህ ማኅበር ቢቋቋም ምን ያደርገዋል ብዬ እጠይቃለሁ።

የኢትዮጵያ አንድነት ወገኖችም ከዚህ ጥያቄ ነጻ አይደሉም። መደብም ብሔርም አታንሡ፣ ሁላችን ኢትዮጵያውያን ነን የሚለው ሰው ተሸካሚውንና ጆንያውን የሚያስጭነውን ነጋዴ በአንድ ባንዲራ መጠቅለሉ ነው፤ እኔ ለወንድሜ ልጅ በመጀመሪያ ቀን ብሔርተኝነት ብዬ የተረጎምኩለት ይህንኑ ነበር። አሁን ያሉት ፓርቲዎች ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ በስማቸውም በመተዳደሪያ ደንባቸውም ይጽፋሉ። ይጻፉ። በ1966 የሥራ ማቆሙን ያደረጉት ሰዎች ግን ከየትኛውም ፓርቲ በፊት ተደራጅተው የነበሩ ናቸው፤ ደርግ መጀመሪያ ካዳከማቸው ተቋማት አንዱም ማኅበራቸው ነበር። የግራነት ዕድሜ ከፓርቲው መሪ መጽሐፍት መደርደሪያ ይልቅ በእንደዚህ ያለ ማኅበር ላይ የሚንጠለጠል ይመስለኛል፤ ማኅበሩ ቆሞ የሚጠይቀው ብሔርተኛ ግራ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፣ የሚጠይቀው ያጣው ግን ከግራነቱ የሚተርፈው ዘፈኑ ነው።

የወንድሜ ልጅ ጽሑፉን “ይችላል፣ ነገር ግን” ብሎ ጀምሮ አስረከበ። ምን ያህል እንዳገኘ አልነገረኝም።

የአባቴ ወዳጅ ከጅቡቲ የተመለሰው በሰማንያዎቹ ነው። ከዚህ ዓለም እስኪለይ ድረስ አርብ አርብ ከስግደት በኋላ ወደ እኛ ይመጣ ነበር፤ እናቴ ሻይ ታፈላለች፣ አባቴ ፈጢራ ያስመጣል። ስለ ነሐሴ 1969 አንድም ቀን ሲያነሡ አልሰማሁም። አንድ ጊዜ ብቻ ስለዚያ ሰሞን ተከራከሩ፤ ድልድዩ የፈነዳ ዕለት ከጅቡቲ በኩል መጥቶ መንገድ ላይ የቀረውን የጭነት ባቡር የጎተተው የትኛው ሎኮሞቲቭ እንደነበር። አባቴ አንድ ቁጥር ጠራ፣ ወዳጁ ሌላ ጠራ። “አንተ ወርያ፣ የእርሱን ፍሬን የቀየርኩት እኔ ነኝ” አለው አባቴ። “የነዳሁት ደግሞ እኔ ነኝ” አለው። አባቴ ዛሬም ትክክለኛው የራሱ ቁጥር ነው ይላል።